ሕያው የአበባ ዱቄት

ሀያ ባጃጁ ውስጥ ዘላ ስትገባ ሻርፗ ላይ ያለው የሰዓድ ደም ገና አልደረቀም ነበር።

«ማሽላው አሸተ?» አለ ሹፌሩ ዞር ሳይል።

«አሽቷል። ወፍ ግን ቀድሞናል።»

የይለፍ ቃሉ ገጠመ። ሦስት ወር ሙሉ በስልክ ትእዛዝ ሲያቀብላት የከረመው «ሸማኔ»፣ ሙአዊያ፣ ይሄ ነው።

ሐይቅ ከተማ ዳር ወዳለው የዘር ማዕከል ከሰዓድ ጋር ነበር የገቡት፤ እሱ ዘበኛ፣ እሷ ከጂዳ የተመለሰች የቀን ሠራተኛ ሆነው። ጠዋት ጠዋት የማሽላ አበባ ዱቄት በወረቀት ከረጢት ታራግፋለች። ዛሬ ለማስረጃ የሚሆን አንድ ብልቃጥ ዱቄት፣ «ሸማኔ» እንዳዘዛት በረዶ በሞላው ፔርሙዝ ደብቃ ስትወጣ ደረሱባቸው። ሰዓድን በእውነተኛ ስሙ ጠሩት። እሷን ወደ ውጭ ገፍትሮ በሩን በጀርባው ዘጋው። በፍርግርጉ በኩል ገጀራው አንገቱ ላይ ሲያርፍ አየች፤ ደሙ ሻርፗ ላይ ተረጨ።

ሮጠች። ትታው ሮጠች።

«ሰዓድስ?»

«ገደሉት።»

«ኢና ሊላህ። ዱቄቱ ግን በሕይወት አለ አይደል?»

ይሄ ሰው ለሰዓድ ያዘነው ለአንድ ትንፋሽ ያህል ነው።

አንዲት የአበባ ዱቄት ቅንጣት ሁለት ወንዴ ሕዋሳት ይዛ ወደ አበባዋ እንቁላል ትወርዳለች። አንዱ ከእንቁላሏ ተዋህዶ ሽል ይሆናል። ሌላው ከጎን ካለችው ሕዋስ ተዋህዶ የሽሉን ስንቅ ያበቅላል፤ ሰው ፈጭቶ የሚበላው የእህል ዱቄትም ከዚያ ስንቅ የሚገኝ ነው። የማዕከሉ ሰዎች ስንቁን የሚያስገኘው ውህደት እንዲከሽፍ አድርገዋል፤ ጉዳቱ ግን የሚታየው ዘግይቶ ነው። ዘሩ ሲያዩት ያማረ፣ ተዘርቶ ሲያፈራ ገለባ። የአምባሰል ገበሬ ከራሱ ጎተራ ዘር ማውጣቱ ይቀርና በየዓመቱ እነሱ ደጅ ይጠናል።

ለምርመራ የሞተውም ዱቄት ይበቃል፤ ዘረመሉ አብሮ አይጠፋም። ሕያው የሚፈልግ ሰው ሊያዳቅልበት ያሰበ ነው።

አስፋልቱ ላይ ሲወጡ ወደ ደሴ መታጠፍ ነበረበት።

ወደ ውጫሌ ታጠፈ።

ሀያ ሥራ የጀመረች ሰሞን ከረጢቱን ደረቷ ውስጥ ሸጉጣ የጠዋቱን ዱቄት በሙሉ በገላዋ ሙቀት ገድላው ነበር። ሴቶቹ «ጠበስሽው እኮ!» እያሉ መሳቂያ አደረጓት። አሁን ብልቃጧን ቀስ ብላ ከበረዶው አወጣችና እዚያው ደረቷ ውስጥ ሸጎጠቻት።

ውጫሌ ሲቃረቡ ፀሐይዋ ከርራለች። ሙአዊያ ባጃጁን ወደ ማሽላ እርሻ አስገብቶ አቆመና ሽጉጥ መዘዘ።

«አምጪው።»

«ሰዓድን የጠቆምከው አንተ ነህ? ካንተ በቀር እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ የለም።»

ፔርሙዙን ነጥቆ ከፈተ። በረዶ ብቻ። በሽጉጡ ሰደፍ አፏን አላት። ጥርሷ ተሰበረ።

«የታለ? ወላሂ እዚሁ እደፋሻለሁ!»

ብልቃጧን ከደረቷ አውጥታ ሰጠችው። ጨበጣት።

ሞቃለች።

«ገደልሽው!»

ዓይኑ ብልቃጧ ላይ እንዳለ ለሥራ የምትይዘውን የዛላ መቁረጫ መቀስ ከኪሷ መዝዛ ጉሮሮው ላይ ሰካችው። ሽጉጡ ጮኸ፤ የግራ እጇን ሁለት ጣቶች ወሰደ። የእሱ ደም ፊቷን አለበሰው። አልለቀቀችም። ደግማ ወጋችው፣ ደግማ፤ መንፈራገጡ እስኪያቆም ድረስ። ከዚያ ብልቃጧን ከመዳፉ ፈልቅቃ የጣቶቿን ቁስል በሻርፗ አሰረች።

የዚያኑ ዕለት ደሴ ላይ ከላኳቸው ሰዎች የመጣች አንዲት የማታውቃት ሴት ብልቃጧን ተቀበለቻት። «ተልዕኮው አልቋል። ሀያ የምትባል ሰው ከዛሬ ጀምሮ የለችም። ሰዓድንም አታውቂውም» አለቻት።

በማግስቱ አርዲቦ ሐይቅ ዳር የሰዓድ ለቅሶ ላይ አንዲት ኒቃብ የለበሰች መንገደኛ ተቀመጠች። ግራ እጇን ከጥቁሩ ልብስ ሥር ደብቃለች። እናቱ ከጎኗ መጡ።

«ልጄን ታውቂው ነበር እንዴ?»

አንደኛው እንዲተርፍ ሌላው በሩን ዘጋ ብትላቸው በወደደች። 

«አላውቀውም፣ እናቴ። መንገደኛ ነኝ።»

«እንግዲያ ባዶ ሆድሽን አትሂጂ» ብለው የማሽላ ቂጣ ቆርሰው ሰጧት።

በኒቃቧ ሥር በተሰበረ ጥርሷ አኘከችው። ከዚያ ተነስታ ወደ መኪና መንገዱ ወጣች።