ከፋሻው ጫፍ ያልተቆረጠችው ክር

እኔ በመንፈስ፣ በጥላ፣ በባዶ ቤት ኮቴ የማምን ሰው አይደለሁም፣ ሰፈራችን ቡራዩ ውስጥ ወንዙ ዳር ጂኒ አለ ሲባል እንኳ ሆን ብዬ በዚያ በኩል ነበር የምመላለሰው፣ ታላቅ እህቴ ጫልቱም «ጂኒው አንተን አይቶ ነው የሚደነግጠው» እያለች ትስቅብኝ ነበር። ጨዋታ አዋቂ አይደለሁም፣ እየተደናቀፍኩ ነው የምጽፈው፣ ግን እመኑኝ፣ ከራሴ የጨመርኩት ነገር የለም።

የመጨረሻው ደህና ቀን እሑድ ነበር። ድመታችን ከሰፈር ድመት ጋር ተጣልቶ፣ የፊት እግሩን ተነክሶ እያነከሰ መጣ። ስሙ ኦቦ አሬዳ ነው፣ ኦቦ በኦሮምኛ አቶ፣ አሬዳ ደግሞ ጺም ማለት ነው፣ ከአገጩ ሥር እንደ ሽማግሌ ነጭ ጸጉር ስላለው ጫልቱ ናት ያወጣችለት፣ ይባስ ብላም «አንቱ» ትለው ነበር። እኔን «አንተ ደደብ» እያለች ድመቱን «አንቱ»! አትሳቁ፣ ይህ በቤታችን የታወቀ ግፍ ነው።

ፋሻ ልገዛ ጋሽ ሰይድ ሱቅ ሄድኩ።

«ለማን ነው?» አሉኝ።

«ለድመቱ።»

«ለድመት ፋሻ! እኔ ቆርቆሮ የቆረጠኝ ጊዜ እኮ በፌስታል አስሬ ነው ሱቅ የከፈትኩት። ነጭ ጋዝ ቀባው፣ ይድናል።»

ይህን ለጫልቱ ስነግራት «መጀመሪያ ራሳቸውን ጋዝ ቀብተን እናያቸዋለና» አለች። «ድመት ቁስሉን ይልሳል፣ ጋዝ ከቀባኸው ትገድለዋለህ።»

ውሃ አፍልታ ጨው ጨመረችበት፣ አማስላ ማንኪያውን በጣሳው አፍ ላይ ኳ ኳ አደረገችው፣ ሻይም ስታማስል ልማዷ ነው፣ ከዚያ ለብ እስኪል ትታው የጂንሴን አንድ እግር፣ አዎ የእኔን ጂንስ፣ ሳትጠይቀኝ በመቀስ ቆርጣ ድመቱን ሰተት አድርጋ ከተተችው። ጭንቅላቱና የታመመው እግሩ ብቻ ውጭ ቀሩ። ኦቦ አሬዳ ያን ሱሪ ለብሶ ሲያየኝ የነበረውን አስተያየት ብታዩት! «ኦብሳ ጎፍታ ኮ፣ ይታገሱ ጌታዬ» እያለች በቁስሉ ዙሪያ ያለውን ጸጉር ከረከመች፣ አጠበች፣ አደረቀች፣ ፋሻውን ጠመጠመች።

«ስታስር አታጥብቀው፣ ጣትህ ይግባበት» አለችኝ፣ ፋሻውንም በጥርሷ ቆረጠችው። አስኮ ልብስ ስፌት ቤት ነበር የምትሠራው፣ ሁሉንም ነገር በጥርሷ ነው የምትቆርጠው፣ ግን የፊት ጥርሷ ፍንጭት ስለሆነ ሁልጊዜ መሀል ላይ አንዲት ክር ሳትቆረጥ ተንጠልጥላ ትቀራለች። «ይቺ ፊርማዬ ናት» ብላ ሳቀች። «ነገ ካመሸሁ አንተ ታጥበዋለህ።»

«ይቧጭረኛል።»

«አንቱ በለው፣ አይነካህም።»

«ለድመት? ሞቼ ነው ቆሜ!»

ያኔ በየቤቱ የማስተር ፕላኑ ወሬ ነበር፣ ማሳው ወደ ከተማው ይገባል፣ አይገባም እየተባለ ሰው ሁሉ ተጨንቋል። ሰኞ ከሰዓት መንገዱ ተዘጋ፣ ጎማ ተቃጠለ፣ ታክሲ ጠፋ። ጫልቱ ከአስኮ በእግሯ ተነሣች፣ ቤት ግን አልደረሰችም። ጥይት ነው፣ ከየት እንደመጣ የነገረን የለም። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም፣ ይቅርታ።

ድንኳን ተተክሎ ሰው ሲሞላ ኦቦ አሬዳ ኮርኒስ ውስጥ ገብቶ ተደበቀ። ምግብ ሲቀመጥለት ብቻ ብቅ ይላል፣ የቆሸሸ ፋሻውን እየጎተተ፣ ቁስሉም መሽተት ጀምሯል። ልይዘው በሞከርኩ ቁጥር ክንዴን አረሰው። እማዬ ክንዴን አይታ ከዚያ ሁሉ ለቅሶ መሀል ሳቀች፤ «ኧረ ጉድ፣ ፋሻው የሚያስፈልገው ለማን ነው?» ከዚያ ግን «እሷ የመጨረሻ የዳበሰችው እሱን ነው፣ አደራህን እንዳይሞትብን» አለችኝ።

ድንኳኑ የፈረሰ ዕለት፣ ገና እንደጨለመ፣ መብራት ጠፋ። እማዬ የተዋስነውን ድስት ልትመልስ ጋሽ ሰይድ ቤት ሄዳለች፣ የጓሮውን በር ራሴ ቀርቅሬዋለሁ፣ ሳሎን የስልኬን መብራት አብርቼ ብቻዬን ተቀምጫለሁ። ከጫልቱ ክፍል ውሃ ሲቀዳ ሰማሁ። ድመቱ የሆነ ነገር ደፋ ብዬ ተናደድኩ። ቀጥሎ ኳ፣ ኳ። ማንኪያ በጣሳ አፍ ላይ። ከዚያ ያ ድመት፣ ከሰኞ ጀምሮ ድምፁን ያልሰማሁት ድመት፣ ጉርርር ማለት ጀመረ።

«እማዬ?» አልኩ። ያ ጂኒ የማይፈራው ጀግና፣ ወንድማችሁ፣ ከሶፋው እስከ በሩ ለመድረስ ግድግዳ መያዝ ነበረበት።

ኦቦ አሬዳ አልጋዋ ላይ የጂንሴን እግር ለብሶ እንደ ዳኛ ተቀምጧል። እግሩ በነጭ ፋሻ ታስሯል። መሬት ላይ ጣሳው አለ፣ ነካሁት፣ ለብ ያለ ነው። ሰው የለም። የስፌት መኪና ዘይት ሸተተኝ፣ ሁልጊዜ ከሥራ ስትመጣ የሚሸታት። ድመቱ እኔን አላየኝም፣ ዓይኑ ከአልጋው ጠርዝ ተነሥቶ ቀስ እያለ በአጠገቤ አልፎ እስከ በሩ ሄደ፣ ሰው ሲሸኝ እንደሚያይ።

እማዬ ስትመለስ «ያዝከው! ጎበዝ የኔ ልጅ» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ።

«አንቺ አይደለሽም ያጠብሽው?»

«እኔማ አሁን መግባቴ ነው።»

ምናልባት እኔው ራሴ አድርጌው ይሆናል አልኩ፣ ሐዘን ያስረሳል ይባላል። ስልኬን አስጠግቼ ፋሻውን አየሁት። ጫፉ ገና እርጥብ ነው፣ ከመሀሉም አንዲት ክር ሳትቆረጥ ተንጠልጥላለች። ለእማዬ አላሳየኋትም።

ጠዋት ተነሥቼ መጀመሪያ ያደረግኩት ከቀረው ፋሻ ላይ በጥርሴ መቁረጥ ነው። ልጭ ብሎ ተቆረጠ። ደገምኩት፣ አሁንም ልጭ። የእኔ ጥርስ ግጥም ያለ ነው፣ ክር አያስተርፍም።

ከዚያ ውሃ አፈላሁ፣ ጨው ጨመርኩ፣ ለብ እስኪል ጠበቅኩ፣ ጂንሱን አልጋዋ ላይ ዘርግቼ፣ ማንም እንደማይሰማኝ አረጋግጬ፣ «ኦቦ አሬዳ፣ ይምጡ እንጂ» አልኩት። መጣ። እመኑኝ፣ በገዛ እግሩ ሱሪው ውስጥ ገባ፣ ጉርርር እያለም ቀና ብሎ ያይ ጀመር፣ እኔን ሳይሆን ከትከሻዬ በላይ።

ዞር አላልኩም። ስጨርስ ግን ፋሻው እንዳይጠብቅ ጣቴን አስገብቼ ለካሁ፣ ደግሞም ከኋላዬ እንዲታይ እግሩን ከፍ አድርጌ ያዝኩት።