የኸይሪያ የስሕተት መንገዶች

መምህርት ስንዱ የተማሪዋን ሐሳብ ለማዳመጥ ሻሹን ግንባሯ ላይ ስታስር፣ ከመስኮቱ ውጭ ማርስ ብርቱካን አክላ ትታይ ነበር። «ጮራ» የተባለችው የጠፈር መርከብ ከምድር ከተነሣች አራት ዓመት ሆኗታል፤ ስንዱም አብረዋት የተሳፈሩትን ልጆች ከዘጠነኛ እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራቸዋለች። በጮራ ላይ ፈተና የሚባል ነገር የለም። ተማሪው የሚያስረው ሻሽ የሐሳቡን እርምጃ አንድ በአንድ ይቀዳል፤ ሌላ ሰው ሲያስረውም ቅጂውን መልሶ ያሰማል፤ «መዛኝ» የሚሉት ማሽን ደግሞ የአራቱን ዓመት ቅጂ አገላብጦ አንዲት ቁጥር ይሰጣል። ሃምሳ ያልሞላለት ልጅ የመርከቧን ማረፊያ ከሚቀምሩት ጋር አይቀመጥም።

ኸይሪያ ያገኘችው አርባ አንድ ነው።

«እትዬ ስንዱ፣ እስከ ምሳ ካልፈረሙ የቀማሪዎቹ ዝርዝር ይዘጋል» አለ የማሽኑ ባለሙያ ድንቁ። «መዛኙ ደህና ነው፤ ሦስቴ ፈትሼዋለሁ። ልጅቷ በየጥያቄው ግራ ትጋባለች ነው የሚለው።»

ስንዱ አላመነችም። ከአገር ቤት ብዙ ነገር ተጥሎ ሲመጣ፣ አንድ ተማሪ አምስቱን የሚያስጠናበት የአንድ ለአምስት ልማድ አብሮ ተሳፍሮ ነበር። ዘጠነኛ ክፍል እያሉ ስንዱ ለአምስት ደካሞች ሌላ ጎበዝ ልጅ ስትመድብላቸው፣ «ከኸይሪያ ሌላ አሻፈረን» ብለው አስቸግረዋታል። ምን አይተውባት እንደሆነ እስከ ዛሬ ይገርማታል።

ሻሹ ሞቅ አለ። የመጀመሪያው ጥያቄ በአንድ ደቂቃ በትክክል ተሠራ። ከዚያ የልጅቷ ሐሳብ ወደ መነሻው ተመልሶ በስሕተት መንገድ ሄደ። ደግሞ ተመለሰና በሌላ ስሕተት ሄደ። አምስት ጊዜ። ስንዱ ስሕተቶቹን አንድ በአንድ አወቀቻቸው፤ ኸይሪያ የምታስጠናቸው የአምስቱ ልጆች ናቸው። ክፍልፋይ ሲደምር የታችኛውንም ቁጥር የሚደምረው ናትናኤል ነው፤ ጥያቄውን አንብቦ ሳይጨርስ የሚሮጠው ገረሱ ነው። የቀሩት ሦስቱም እዚያው ነበሩ።

ኸይሪያን አስጠራቻት።

«መልሱን አግኝተሽው ለምን ትሳሳቺያለሽ፣ የኔ ልጅ?»

ኸይሪያ አንገቷን ደፋች። «ቲቸር፣ መልሱንማ ብነግራቸው ይዘውት ይሄዳሉ። የት ጋ እንደሚጠፉ ለማወቅ አብሬያቸው መጥፋት አለብኝ።»

«አርባ አንድ እንዳገኘሽስ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።» እንባዋ መጣ። «መቀመር በጣም እፈልግ ነበር። ግን አምስቱም አልፈዋል አይደል?»

አምስቱም አልፈዋል። ስንዱ ልጅቷን አቅፋ ወደ ክፍሏ ሸኘቻት።

«ድንቁ፣ ይሄ ማሽን ይህን ግራ መጋባት ብሎ መጥራት ከማን ተማረ?»

ድንቁ ፈላልጎ ከዘጠነኛ ክፍል የመጀመሪያ ወር አንድ ማስታወሻ አወጣ። የስንዱ ቃል ነበር፦ «ጨዋ ልጅ ናት፤ ግን ቶሎ አይገባትም። የጻፍኩትን መስመር ሁልጊዜ እንድደግም ትጠይቃለች።» አንዴ ስም ከወጣልህ ማሽንም አይምርህም፤ መዛኙ መምህሯን አምኖ ልጅቷን አራት ዓመት ሙሉ በዚያው ዐይን ሲያያት ኖሯል።

ስንዱ የዚያን ወር ቅጂ አስከፍታ ሻሹን መልሳ አሰረች። እዚያ ስድስተኛ የስሕተት መንገድ አገኘች፤ ከአምስቱ የማንም አይደለም። ቅንፍ ሲፈታ የመቀነስ ምልክቷ ትጠፋለች። ስንዱ ራሷ ሲደክማት ሰሌዳ ላይ የምትሳሳታት ስሕተት ናት። ልጅቷ ትክክለኛውን መልስ ይዛ፣ በመምህሯ መንገድ ሄዳ፣ ምልክቷ የጠፋችበት ቦታ ስትደርስ እጇን ታወጣለች፦ «ቲቸር፣ ይቺን መስመር ድጋሚ ያሳዩን?» ስንዱም እየደገመች ስሕተቷን ራሷ አግኝታ ታርማለች፤ ማንም ሳይስቅባት።

ስንዱ አፈረች፤ ከማፈሯ ይልቅ ግን ደስ አላት። የድሮውን ማስታወሻ ሰርዛ በምትኩ «ቶሎ ያልገባኝ እኔ ነበርኩ» ብላ ጻፈችና ፈረመች። መዛኙ አራቱን ዓመት እንደገና አገላበጠ።

«ዘጠና አራት!» አለ ድንቁ። «ለካ አንዲት ልጅ እየመዘነ መስሎት ሰባት ሰው ሲመዝን ኖሯል።»

ከሰዓት በኋላ ስንዱ ሰሌዳው ላይ ቅንፍ ስትፈታ እጇ ቆም አለ። ዞር ብላ ኸይሪያን አየቻት፤ ፈገግ ብላም የመቀነስ ምልክቷን ጻፈቻት። ኸይሪያ መነሣት የጀመረውን እጇን ቀስ ብላ አወረደች።