ከዋንዛው ውስጥ የሚመጣ ሳል

ይሄን በዓይኔ ያየሁትን፣ በጆሮዬ የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ። ያላመነ መካኒሳ ይምጣና ቤቴ ቁጭ ብሎ ይስማ።

ደግሞ ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው... ፀሐዩ ቆርቆሮውን የሚያንቃቃበት ሰዓት።

ጋሽ እንግዳ የአጥር ጎረቤቴ ናቸው። ነበሩ ልበል እንጂ። በቶርኖ እንጨት እያሽከረከሩ የአልጋና የበርጩማ እግር የሚያወጡ ባለሙያ። ሚስታቸው ወርቄ አምና በሳንባ በሽታ ሞተችባቸው።

የወርቄን ሳል ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፣ መጨረሻ ላይ ቀጭን "እህ..."

ከተቀበረች በኋላ ጥላው ስር ትቀመጥበት የነበረውን ዋንዛ ቆረጡት። ከግንዱ አንድ ጉማጅ ከእርጥብ ሰጋቱራ ጋር ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከተው፣ አፉን አስረው ጓሮ አስቀመጡት።

"ጋሽ እንግዳ፣ ሰው ዳቦ ሲሻግትበት ይጥላል። እርስዎ ጭራሽ እንጨት ያሻግታሉ?" አልኳቸው።

"አንቺ ምን ታውቂያለሽ ኤልዬ! ሻጋታው እኮ ነው ውስጡን በጥቁር መስመር የሚስለው። ለሙት ዓመቷ ማሰሮ አወጣበታለሁ። አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ባዶ።"

"ሆዱ ባዶ ከሆነማ እርስዎን ነው የሚመስለው። ምሳ ሳይቀምሱ አይደል የሚውሉት?"

ሳቁ። ከዚያ በኋላ ሲስቁ አላየሁም።

አሁን ጥፋቴን ልናገር።

ወርቄ ትጠጣው የነበረ ጠበል ግማሽ ጀሪካን ተርፎ ነበር። ከጀሪካኑ አፍ እየጠጣች፣ እያሳለች የመለሰችው። ጠበል ደግሞ እግር የሚረግጠው ቦታ አይደፋም። የት ላድርገው ብለው ጨነቃቸው።

"ግንድዎም ታሟል፣ እሱን ያጠጡት" ብዬ ቀለድኩ።

እሳቸው ቀልድ አልመሰላቸውም። አጠጡት።

ከስምንት ወር በኋላ ማዳበሪያውን ፈቱ። እውነትም እንጨቱ በቀጫጭን ጥቁር መስመር ተሞልቷል... የሰው ደም ስር ነው የሚመስለው።

ቶርኖው ላይ አስረው ውስጡን መቦርቦር ጀመሩ። አፉ አውራ ጣት ብቻ ነው የሚያስገባው፤ ውስጡ አይታይም። ቆልማማ ብረት አስገብተው ይፍቃሉ፤ ሰጋቱራው ትኩስ እንደሆነ በአፉ ይወጣል። ከዚያ ቶርኖውን አቁመው በጣታቸው ያንኳኳሉ። አንገቱን... ሆዱን... ቂጡን... ምን ያህል እንደሳሳ የሚያውቁት ከድምፁ ነው።

ብዙም ሳይቆዩ ማሳል ጀመሩ።

የሻገተ እንጨት ብናኝ ለሳንባ አይሆንም። ማስክ ገዝቼ ሰጠኋቸው። አገጫቸው ላይ አንጠለጠሉት።

ያን ቀን ምሳ ይዤላቸው ገባሁ። ቶርኖው ይጮኻል። ልክ ዘጠኝ ተኩል ላይ መብራት ሄደ።

ቶርኖው ቆመ።

ሳሉ መጣ።

ሁለት አጭር... አንድ ረጅም... "እህ..."

የጋሽ እንግዳን አፍ አየሁ። ግጥም ብሏል።

"ሰማሽ?" አሉኝ በሹክሹክታ።

"እንጨት ሲደርቅ... ይጮኻል አይደል?"

"ወርቄ ናት።"

"ጋሽ እንግዳ፣ በእመቤቴ!"

"ቀስ በይ፣ ትሰማሻለች። መጀመሪያ ሩቅ ነበረች። በፋቅሁት ቁጥር ትቀርባለች። አሁን በመሃላችን የቀረችው ወረቀት የምታህል ስስ እንጨት ናት።"

"ይተዉት። ብናኙ ይገድልዎታል።"

"ብተወው እዚህ ውስጥ እያሳለች ልትቀር?"

"እንግዲያው ይስበሩትና ትውጣ!"

ማሰሮውን በመዳፋቸው ዳበሱት።

"ብሰብረውና... ባዶ ቢሆንስ?"



ሐኪም ቤት እንሂድ ብል እምቢ። ሽማግሌ ብልክ እምቢ። ከዚያ ወዲያ በአጥሩ በኩል የምሰማው ሁለት ሳል ሆነ። አንዱ ሲያበቃ ሌላው ይቀበላል።

በአስራ አንደኛው ቀን አንዱን ብቻ ሰማሁ።

ሮጬ ገባሁ። ቶርኖው ባዶውን ይዞራል። ጋሽ እንግዳ ሰጋቱራው ላይ በጎናቸው ተኝተዋል። ማሰሮውን አቅፈውታል። ጆሯቸው አፉ ላይ ነው።

ነካኋቸው... ቀዝቅዘዋል።

ከቀብር በኋላ ዘመዶቻቸው ዕቃውን ሲከፋፈሉ "የሻገተ ነገር ምን ያደርግልናል?" ብለው ማሰሮውን ተዉት። እኔ ወሰድኩት። የት ልጣለው? ጠበል ጠጥቷል፤ እግር የሚረግጠው ቦታ አይጣልም። ለማቃጠል ደግሞ... እጄ እምቢ አለኝ።

አፉን በጥጥ ደፍኜ ቡፌው ላይ አስቀመጥኩት።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ጸጥ አለ። እኔም ተረጋጋሁ።

ከዚያ አንድ ቀን፣ ዘጠኝ ተኩል ላይ፣ መብራት ሄዶ ቴሌቪዥኑ ድርግም ሲል...

ኳ። አንገቱ ጋ።

ኳ። ሆዱ ጋ።

ኳ። ቂጡ ጋ።

ከውስጥ ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ማስክ የማደርገው እኔ ነኝ። ያውም እንደ ሰው፣ አፍንጫዬ ላይ። ቢሆንም ጉሮሮዬን ይበላኛል።

በየቀኑ ጥጡን ወልቆ አገኘዋለሁ። ትናንት ማሰሮውን ወደ መስኮቱ ከፍ ባደርገው፣ ሆዱ ከመሳሳቱ የተነሳ ብርሃኑ አልፎት ጣቶቼን በወዲያ በኩል አየኋቸው።

ዛሬም አፉ ስር አንድ ጭብጥ አዲስ ሰጋቱራ ተቆልሎ ጠበቀኝ።

በመዳፌ ሰበሰብኩት...

ገና ትኩስ ነው።