ሚስማሩ ላይ የተሰቀለው የወተት ሳጥን

ከምነግራችሁ ሁሉ አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ የፒካፕ መኪናዬ አራቱም ጎማዎች በአንድ ቀን ይፈንዱ፤ ትርፍ ጎማውም ባለበት ይፈንዳ። በአርካንሳስ ተራሮች ከዚህ የሚበልጥ መሐላ የለም። እኛ ዘንድ በእናቱ ምሎ የዋሸ ሞልቷል፤ በመኪናው ምሎ የዋሸ ግን ገና አልተወለደም።

ሽማግሌው ኦርቪል ታኬት የተገኘው ቅጠል በሚረግፍበት ወር፣ ሰኞ ማለዳ ነው። ቀይዋ ፒካፕ ከቤቱ በታች ካለው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወጥታ፣ ዝሆን ቢወድቅበት ድምፁ ተመልሶ በማይሰማበት ገደል ውስጥ በአፍንጫዋ ተተክላለች። ሽማግሌው ግንባሩ ተፈንክቶ መሪው ላይ ተደፍቷል። ያገኘው አማቹ ኮይ ነው። ኮይ እየሮጠ መጥቶ «አባትሽ!» ብሎ ሲጮህ፣ ሚስቱ ዴላ የጓዳው መስኮት አጠገብ ቆማ ነበር። ጩኸቱ አላስደነገጣትም። ያስደነገጣት ከጩኸቱ በፊት ያየችው ነው።

ኮይ ከገደሉ የተመለሰው ቀደም ብሎ፣ ቀስ እያለ ነበር። በጃኬቱ የጠቀለለውን ከባድ ነገር ዶሮ ቤቱ ሥር ወሸቀ፤ እጁን በሣር ጠረገ። ከዚያ በኋላ ነው ሮጦ የጮኸው። ዴላ ምን እንደሆነ አልጠየቀችውም። የፈራችው መልሱን ነው።

ፀሐይ ሳትሞቅ ቬርና ሃስኬል ደረሰች። የሸሪፉ መርማሪ ናት፤ ቁመቷ ከአጥር እንጨት አያልፍም፤ ውሸት ግን በሦስት ግድግዳ አሻግራ ታሸታለች። ስሟን የሰማ ሌባ የሰረቀውን መኪና አሳጥቦ፣ ነዳጅ ሞልቶ እንደሚመልስ አገር ያውቃል።

ጓዳ ገብታ ባርኔጣዋን አወለቀች። ጥግ ላይ አክስት ኦፓል ፎሶሊያ ትቀነጥባለች። የዴላ እናት አክስት ናት፤ ዕድሜዋን ራሷም ረስታዋለች፤ ጆሮዋ ደክሟል።

«እንደምን አደሩ፣ አክስት ኦፓል?»

«ፎሶሊያው ዘንድሮ ክር በዝቶበታል» አለች አሮጊቷ።

ቬርና ፈገግ ብላ ወደ ዴላ ዞረች። «አባትሽን መጨረሻ ያየሽው መቼ ነው?»

«ትናንት እሑድ ጠዋት። እኛ ቤተ ክርስቲያን ሄድን፣ እሱ ቀረ። ስንመለስ መኪናዋ የለችም። ጅረቱን ተሻግሮ ማዶ ጎጆው ያደረ መሰለን።»

«እቤት ማን ነበር?»

«ማንም። ከአክስት ኦፓል በቀር።»

ቬርና አንገቷን ነቀነቀች፤ ቀጠለች።

ማዶ ያለው ደን የኦርቪል ነው። ዳሌው ከተሰበረ ወዲህ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ አልረገጠውም፤ በእግሩ አይችልም፣ ፒካፗ ደግሞ ዝቅ ያለች ስለነበረች ጅረቱ መሐል ትቀር ነበር። በጋውን በሙሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው፤ በጡረታ ገንዘብ መኪና እንዴት ከፍ ይደረጋል? በዚህ ጥያቄ ሁለት ቤተ ክርስቲያን ተከፍሏል፤ አንድ ሠርግ ተበትኗል። እኔ ራሴ ሠርጉ ላይ ነበርኩ።

ቬርና ኦርቪልን የሚያውቁትን አንድ በአንድ ጓዳ አስጠራች። ዴላ ልትወጣ ስትል «አንቺ ቁጭ በይ» አለቻት።

መጀመሪያ የሟቹ ወንድም ሂራም ገባ። ከቬርና ጋር አንድ ክፍል የተማረ ነው።

«ተጣልታችሁ ነበር አሉ፣ ሂራም።»

«ከኦርቪል ጋር ያልተጣላ ሰው ካለ ኦርቪልን የማያውቅ ነው! መኪናዋን የሚሸከመውን ባሌስትራ በሙሉ በረጅም ባሌስትራ ለውጥ፣ ርካሽ ነገር ውሎ አድሮ ውድ ነው አልኩት። አቅሜ አይደለም አለኝ። እንግዲያው ዓመት ጠብቅ አልኩት። ‘በእኔ ዕድሜ ዓመት አይጠበቅም’ አለኝ።» ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። «እውነቱን ነው ለካ።»

ቀጥሎ ኮይ ገባ። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ከፍ ያደረግካት አንተ ነህ?»

«አዎ፣ እሜቴ። ከፊት ከፍ ማድረጊያ ቀለበት፣ ከኋላ ባሌስትራው ሥር የብረት ብሎኬት። ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነው፤ ርካሽ ነው።»

«በየጎኑ ስንት ብሎኬት?»

«አንድ አንድ።»

ዴላ ቀና ብላ አየችው። ቡሎኖቹን ስታቀብለው የነበረች እሷ ናት። ብሎኬቱ ስላልበቃ ከቁርጥራጭ ብረት መካከል ሌላ አምጥቶ አንዱን በአንዱ ላይ ሲደርበው በዓይኗ አይታለች። ‘ይይዛል’ ነበር ያላት። ካልያዘ ግን አባቷን የገደለው አጠገቧ የሚተኛው ሰው ነው፤ እስር ቤትም ይጠብቀዋል። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ቬርና አየት አደረገቻት።

ሦስተኛው ሮይስ ነው፤ ባለ ጋራዡ። በአውራጃው መኪና ከፍ ማድረጊያ ዕቃ የሚሸጠው እሱ ብቻ ነው።

«አይ ሚስ ቬርና! ከኋላ ላየዎት ሰው እኮ እናቷን ፍለጋ የመጣች ትንሽ ልጅ ይመስላሉ።»

«አንተ ግን ያየኸኝ ከፊት ነው፤ ሳቅህን ለሌላ ጊዜ አቆየው። አንተ ምን መከርከው?»

«እኔማ ተወው ነው ያልኩት። እንዲሁ እንዳለች ንዳት አልኩት። አዘንኩለት፣ ምስኪን ሽማግሌ።»

«ደግ ነህ» አለችና እጇን ዘረጋችለት። ሮይስ ጨበጣት። ቬርና መዳፏን ገልብጣ ለረጅም ጊዜ አየችው። «እጅህ እንዴት ጠቁሯል፣ ሮይስ?»

«የዘይት ነው። ሥራዬ ነው።»

በእኩለ ቀን ፒካፗን በሰንሰለት ጎትተው ግቢው ውስጥ አቆሟት። ቬርና በሩን ከፍታ ልትወጣ እግሯን አነሳች፤ አልደረሰችም። ዘለለች፤ አልደረሰችም። የሸሪፉ ረዳት ሊስቅ ሲል ዞር ብላ ስታየው ሳቁን እንደ ትኩስ ድንች ዋጠው።

«ዴላ፣ አባትሽ በዚያ ዳሌው እዚህ ላይ እንዴት ነበር የሚወጣው?»

«የወተት ሳጥን አለው፤ ገመድ አስሮበታል። ሳጥኑ ላይ ቆሞ ይገባል፤ ከዚያ በገመዱ ስቦ እግሩ ሥር ያስቀምጠዋል። ሲወርድም ያስፈልገዋላ።»

ቬርና ጋቢናውን በእጅ ባትሪ አሰሰች። የተሰበረ መስታወት፣ አንድ ባርኔጣ። ሳጥን የለም። ገደሉን ሁለት ሰዎች አሰሱት፤ አላገኙም።

ዴላ ዓይኗ ወደ ቤቱ በረንዳ ሄደ። ሰማያዊው የወተት ሳጥን ገመዱ በሥርዓት ተጠቅልሎ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ጣቷን ወደዚያ ዘረጋች። ያለ ሳጥኑ አባቷ መኪናዋ ውስጥ ሊገባ አይችልም። ሌላ ሰው ተሸክሞ ካላስገባው በቀር።

«በሩን ዝጊ» አለቻት ቬርና በዝግታ። «እስክመለስ ለማንም እንዳትከፍቺ። ለባልሽም ቢሆን።»

ያን ቀን የቤቱ እንጨት ሁሉ ሲንቋቋ ሰው የሚራመድ ይመስል ነበር። ዴላ ምድጃው ሥር ተቀምጣ የበሩን እጀታ ስታይ ዋለች። ኮይ መጥቶ አንኳኳ። «ዴል፣ እኔ ነኝ እኮ» አለ። አልከፈተችም። ከውጭ ትንፋሹ ይሰማታል። አክስት ኦፓል ብቻ ምንም እንዳልተፈጠረ ፎሶሊያዋን ቀጭ፣ ቀጭ ታደርጋለች።

ወደ ማምሻው ቬርና ጫማዋ በጭቃ ተለውሶ ተመለሰች፤ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ጎረቤት ለለቅሶ ያመጣው የበቆሎ ዳቦና ዶሮ ጠረጴዛው ላይ ቀዝቅዟል፤ የቀመሰው የለም። የሸሪፉ ረዳት በሩ ላይ ቆመ። ሰው ሁሉ የጎረቤቱን እጅ ይመለከታል።

«ሁላችሁም ብሎኬቱ ነው የገደለው ብላችሁ ሹክ ስትባባሉ ነበር» ብላ ጀመረች ቬርና። «ኮይ፣ ዶሮ ቤቱ ሥር የደበቅከውን አግኝቼዋለሁ።»

ኮይ ፊቱ አመድ መሰለ። «ከመኪናዋ ራቅ ብሎ ወድቆ አገኘሁት። ደርቤ ነበር፣ እሜቴ። ሁለት ደርቤ ነበር። ገደልኩት ብዬ ፈራሁ።»

«ፈሪ ነህ፤ ገዳይ ግን አይደለህም። ብረቱ የወጣው መኪናዋ ድንጋይ ስትመታ ነው። ምክንያቱም ኦርቪል ያንን መኪና አልነዳም! ሳጥኑ በረንዳው ላይ ተሰቅሏል። አንድ ሰው መታው፣ ተሸክሞ ጋቢና አስገባው፣ ቁልቁል ገፋው። ማን? እዚህ አውራጃ ውስጥ ሰው መኪናውን ከፍ ላድርግ ሲል ያልመከረው ማን አለ? ሂራም ሙሉውን ለውጥ አለ። ኮይ በርካሹ ይበቃል አለ። መንገድ ላይ የማላውቀው ቄስ አስቁሞኝ ስለ ባሌስትራ ሰብኮኛል። አንድ ሰው ብቻ ተወው አለ። እሱም ዕቃውን የሚሸጠው ሰው ነው።»

ሁሉም ወደ ሮይስ ዞሩ።

«ነጋዴ ‘አትግዛ’ ሲል ብርድ ብርድ ይለኛል» አለች ቬርና። «ኦርቪል ጅረቱን እንዲሻገር ያልፈለገው ለምንድን ነው? ተሻግሬ አየሁ። የኦርቪል ጥቁር የዎልነት ዛፎች፣ ጣውላቸው ውድ የሆነ፣ አያቱ የተከሏቸው፣ ከጉቶ በቀር የሉም። የጋራዡ መኪና የጎማ ዱካ እስከ ጉቶው ድረስ ገብቷል። እጅህንም ጨብጬዋለሁ፣ ሮይስ። ዘይት ቢሆን መዳፌን ያቆሽሸው ነበር። የዎልነት ፍሬ ልጣጭ ግን ቆዳ ውስጥ ይገባል፤ ክረምቱን ሙሉ ቢታጠብ አይለቅም።»

ሮይስ እጆቹን ብብቱ ሥር ደበቀ። «ዛፉን ቆርጫለሁ። ሸጫለሁም። ሽማግሌውን ግን በእግዚአብሔር ስም አልነካሁትም!»

«እሱን ለዳኛው ንገረው።»

የሸሪፉ ረዳት ካቴናውን አወጣ። ዴላ ከጠዋት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አየር ሳበች። ባሏ አይደለም። የኮይን እጅ ፈልጋ ያዘችው፤ እሱም ሁለቱን እጆቹን በእጇ ላይ አድርጎ አለቀሰ። ሂራም እንኳ የበቆሎ ዳቦ ቆረሰ።

«ሳጥኑን የሰቀልኩት እኔ ነኝ» አለች አክስት ኦፓል።

ቀስ ብላ ነው የተናገረችው፤ ከፎሶሊያው ዓይኗን አላነሳችም። የካቴናው ድምፅ ቆመ።

ቬርና ሄዳ ፊቷ በርከክ አለች። «ምን አሉኝ፣ አክስቴ?»

«እሑድ። ትከሻዬን ይዞ፣ ሳጥኑን ረግጦ ገባ። ሊስበው ሲል ‘ተወው፣ ሁልጊዜ ጉልበትህን ይመታሃል’ አልኩት። ‘እውነትሽን ነው፣ ስመለስ ታቀርቢልኛለሽ’ አለኝና ሄደ። እንዳይጠፋ ሰቀልኩት።»

«ብቻውን ነበር?»

«ብቻውን። እያፏጨ።»

«ሮይስስ?»

«ሮይስን በዚህ ሳምንት ዛሬ ማየቴ ነው።» አሮጊቷ አንድ ፎሶሊያ ቀነጠበች። «ጠመዝማዛው ጋ ሲደርስ የመኪናዋ ኋላ ብቻውን ወደ ጎን ሄደ፤ ዳሌዋ እንደወለቀ ላም። ከዚያ ዛፎቹ ጋረዱት። የተሻገረ መሰለኝ።»

ሰው ሁሉ ወደ ኮይ ዞረ። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የቬርና ድምፅ ዝቅ አለ። «አክስት ኦፓል፣ ይህን ጠዋት ለምን አልነገሩኝም?»

«መች ጠየቅሽኝ፣ ልጄ?»

ዴላ እጇን ከኮይ እጆች ውስጥ ልታወጣ ሞከረች። ኮይ አለቀቃትም።