የአሮጌው ክላርኔት አፍ

ማስተዋል አየነው የገዳሪፍን ገበያ ያቋረጠችው በቀትር ነበር፤ ውሻ እንኳ ከጥላ በማይወጣበት ሰዓት። በብብቷ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ክላርኔት ይዛለች። ከሰሊጥ ነጋዴዎቹ አንዱ በስሟ ሲጠራት ዞር ብላም አላየችው። ሦስት ቀን ሙሉ ስትናደድ ሰንብታ፣ ዛሬ ንዴቷን የሚቀበላት ሰው ፍለጋ ወጥታለች።

የምትፈልጋቸው ሁሉም ዓም፣ አጎቴ፣ እያለ የሚጠራቸውን ሙሐመድአሚንን ነው። ሽማግሌው አርባ ዓመት ካርቱም ውስጥ የሙዚቃ መሣሪያ ሲጠግኑ ኖረው፣ ጦርነቱ ሲነሳ ሁለት የቆርቆሮ ሣጥን ይዘው ወደ ገዳሪፍ ሸሹ። አሁን ከብስክሌት ጠጋኞቹ ተርታ አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራይተው ዑድም፣ አኮርዲዮንም፣ ድምፅ ማጉያም ይጠግናሉ። የማስተዋል ክላርኔት አፉ ሲሚንቶ ላይ ወድቆ በተሰበረ ጊዜ አዲስ አፍ የሸጡላት እሳቸው ናቸው። አፍ የሚባለው ከክላርኔቱ ጫፍ የሚሰካው፣ ከንፈር የሚያርፍበት ጥቁር ቁራጭ ነው። ሪድ የምትባል ስስ የሸምበቆ ልጥ እሱ ላይ ትታሰራለች፤ እስትንፋስ ሲነካት ትንቀጠቀጥና ድምፁ ከዚያ ይወለዳል።

ሱቁ ውስጥ ግን ሽማግሌው አልነበሩም። አንድ ጠይም ወጣት የአኮርዲዮን ሆድ ዘርግፎ ተቀምጧል።

«ባለቤቱ የት አሉ?» አለች በዓረብኛ።

«ሶላት ሄደዋል» አለ በአማርኛ፣ ቀና ሳይል።

«ሲመጡ ንገራቸው። የሸጡልኝ አፍ ይጮሃል እንጂ አይዘፍንም። የዛሬ ሳምንት ዶካ ላይ ሠርግ አለብኝ። ሰው ፊት ሊያዋርደኝ ነው!»

እጁን ዘረጋ። «ክላርኔቱን አሳዪኝ።»

«ከአባቴና ከእኔ ሌላ ሰው ነክቶት አያውቅም።»

«እንግዲያው አባትሽ ይዩት» ብሎ ወደ አኮርዲዮኑ ተመለሰ።

ልትሄድ ዞረች። የዶካው ሠርግ ትዝ ሲላት ግን ተመልሳ ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ አስቀመጠችው ከማለት ወረወረችው ማለት ይቀላል። ወጣቱ የተኛ ሕፃን እንደሚገልጥ ሰው ጨርቁን በቀስታ ገለጠ። እንጨቱን በአውራ ጣቱ ዳበሰ። በቀዳዳው በኩል ወደ ብርሃኑ አየ። ከዚያ ወደ ከንፈሩ አስጠግቶ ከታች አንድ ድምፅ አወጣ፤ ወፍራም፣ ጥሩ ድምፅ። ጣቱን ሳያነሳ የጀርባውን ቁልፍ ሲጫን ከላይ የወጣው ድምፅ ጠመም አለ፤ የጥርስ ሕመም የሚቀሰቅስ ዓይነት ነበር።

«ሰማህ?» አለች።

«ሰማሁ። አፉም አልተበላሸም፣ ክላርኔቱም አልተበላሸም። አልተገጣጠሙም። ይኼ የድሮ ሥራ ነው፣ ሆዱ ሰፊ ነው። የገዛሽው አፍ ለዛሬዎቹ፣ ለቀጫጭኖቹ የተሠራ ነው። ታቹን ስታስተካክዪ ላዩ ይወድቃል፤ ላዩን ስታነሺ ታቹ ይከዳሻል። ማነው ሳይሞክር የገዛው?»

«እኔ ነኝ!»

«እንግዲያው ቁጣውን ለራስሽ አድርጊው።»

በዚያች ቅጽበት በጥፊ ልትለው ምንም አልቀራትም። ያዳነው ዓም ሙሐመድአሚን መድረሳቸው ነው።

«ማሊክ ዘዕላና ያ በቲ?» አሉ፤ ምን አስቆጣሽ ልጄ ማለታቸው ነው። ነገሩን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የሸጥኩልሽ በእጄ ያለውን ነበር። ከካርቱም ያመጣሁት አንዱ ሣጥን ግን ገና አልተከፈተም። ነገ ነይ። ፀጋይ ይከፍትልሻል።»

ስሙን ስትሰማ የማስተዋል ፊት ተለወጠ።

«ከየት ነህ?»

«ከሑመራ። አንቺስ?»

«እኔ እዚሁ ተወለድኩ። አባቴ የጎንደር ሰው ነው።»

ከዚህ በላይ መናገር አላስፈለጋቸውም።  ክላርኔቷን ጠቅልላ ወጣች።

በማግስቱ ግን መጣች፤ ከነቁጣዋ። ሣጥኑ ውስጥ፣ በአሮጌ ካልሲ የተጠቀለሉ ሦስት አፎች ነበሩ። አንደኛው የመስተዋት ነው፤ ሲያዩት ያምራል፣ ሲነፉት ግን ድምፁ እንደ ብርድ ሰውነት ያሸማቅቃል። ሁለተኛው ጥቁር ጎማ ነው፤ ጫፉ በሰፊው የተከፈተ፣ እስትንፋስ የሚበላ። ሦስተኛው የደበዘዘ፣ ጠበብ ያለ፣ ከጎኑ የክር መሄጃ ቦይ የተቀረጸበት ነው። ዓም ሙሐመድአሚን እንዲህ ያለውን በብረት ማሰሪያ ሳይሆን በክር እያሰሩ ይጫወቱበት እንደነበር ተናገሩ።

ፀጋይ ሦስተኛውን አነሳ። «ይኼ የክላርኔትሽ ዘመን ሰው ነው።»

አፉና ክላርኔቱ የሚጋጠሙበት ግን ላላ። ፀጋይ የጥጥ ክር በሰም እያሸ፣ አንድ ዙር እየጠመጠመ፣ እየለካ፣ እየፈታ ሁለት ሰዓት ፈጀ። ከዚያ የሪዱ ነገር መጣ። አፉ ጠባብ ከሆነ ሪዱ ጠንካራ ይሁን፣ አፉ ሰፊ ከሆነ ሪዱ ይለስልስ አላት። ሪዶቹ በቁጥር የተለዩ ናቸው፤ ሁለት ቁጥሯ ለስላሳ፣ ሦስት ቁጥሯ ጠንካራ። የገዳሪፍ ደረቅ አየር ያጣምማቸዋልና በተነፋ ቁጥር መስተዋት ላይ አጋድማ እንድታደርቃቸው አዘዛት። አዘዛት፤ አልለመናትም። ማስተዋል በዚህም ተናደደች።

«አባቴ የጦር ሠራዊት ሙዚቀኛ ነበር» አለች። «በሰማንያ ሦስት፣ ያንተ ሰዎች ሲገቡ ይችን ክላርኔት ብቻ ይዞ በመተማ ወጣ። ጓደኞቹ አልወጡም። አሁን ደግሞ የአክስቴ ልጅ በሰሜኑ ጦርነት ሄዶ ቀረ። አንተ ታዘኛለህ?»

ፀጋይ የያዘውን ክር አስቀመጠ። «እኔ በሰማንያ ሦስት አልተወለድኩም። ሑመራ የትምህርት ቤት የሙዚቃ አስተማሪ ነበርኩ። አሥራ ሁለት ልጆች ነበሩኝ። ታናሽ ወንድሜን በራችን ላይ ገደሉት፤ አማርኛ የሚናገሩ ሰዎች። እኔ በሸሚዜ ኪስ አንዲት ሪድ ይዤ ተከዜን ተሻገርኩ። ክላርኔቴን ሳልይዝ ሪዷን! እስከዛሬ በዚያ እናደዳለሁ። አንቺ ላይ ግን ልናደድ ስሞክር እጄ ክር ይጠመጥማል። እንግዲህ ምን ላድርግ?»

 ሦስት ቁጥሯን ሪድ ምላሷ ላይ አርጥባ፣ አፉ ላይ አስራ ነፋች። የታችኛው ድምፅ መጣ። የጀርባውን ቁልፍ ስትጫን የላይኛው ተከተለው፤ ንጹሕ፣ ቀጥ ያለ። ብስክሌት ጠጋኞቹ መዶሻቸውን አቆሙ። ማስተዋል ዓይኗን ስትገልጥ ፀጋይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆሟል። በእጅጌው ዓይኑን ያብስ ነበር። ዓም ሙሐመድአሚን ውሃ ልቀዳ ነው ብለው ወጡ፤ ማሰሮው ግን ሙሉ ነበር።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ መጣች። ሪዱ ጠመመ፣ ክሩ ላላ፣ ሁልጊዜ ምክንያት አላት። በየቀኑ ይጨቃጨቃሉ። አንድ ቀን ሳይጨቃጨቁ ቀሩና ሁለቱም ምን እንደሚያወሩ ጠፋቸው፤ እሱ የክላርኔቷን ቁልፎች ሲያሽ፣ እሷ ጣቶቹን ስታይ ዋሉ።

የዶካው ሠርግ አማረ። ከዚያ በተመለሰች በሦስተኛው ቀን ለአባቷ ነፋችለት። አቶ አየነው የፊት ጥርሶቹ ካለቁ ወዲህ ክላርኔት መያዝ ትቶ፣ ልብስ እየሰፋ የሚኖር ሰው ነው። የገዳሪፍ ፖሊሶች ዩኒፎርም ሠላሳ ዓመት ያለፈው በእሱ መኪና ሥር ነው። ስፌቱን አቁሞ አዳመጣት።

«ይኼን አፍ ማን መረጠልሽ? የሚያውቅ ሰው ነው።»

«ፀጋይ ይባላል።»

መርፌው ከእጁ ወደቀ። «የማን ልጅ?»

«የሑመራ ልጅ። ላገባው ነው።»

ፀጋይ ግን አልጠየቃትም። ቃሉ ከአፏ እንዴት እንደወጣ እሷም አታውቅም። አቶ አየነው ተነስቶ ክላርኔቱን ከእጇ ወሰደ፣ አፉን ነቀለና ግድግዳው ላይ ወረወረው። ጫፉ ተሸረፈ። ጫፉ የተሸረፈ አፍ ደግሞ አይጠገንም፤ ይኼን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ማስተዋል አላለቀሰችም። «አባዬ፣» አለች፣ «በዚህ ክላርኔት ጥላቻ አላስተማርከኝም። ዜማ ነው ያስተማርከኝ። ጥላቻህን ለብቻህ ደብቀህ አኖርከው፤ ዛሬ ለእኔ ልታወርሰኝ አወጣኸው። አልወርስም! የሞቱት ጓደኞችህ የእኔን ልብ ቆልፈህ እንድትይዝ አደራ አላሉህም!»

ክላርኔቷን ይዛ ወጣች። በቀጥታ ሱቁ ሄደች።

«አባቴ አፉን ሰበረው። ላገባህ ነው ብዬ ስለነገርኩት ነው።»

ፀጋይ ከመቀመጫው ተነሳ። «እኔ ሳላውቅ?»

«እስክትጠይቀኝ ብጠብቅ ሪድ ስትፍቅ ታረጃለህ።»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ የማንም ደጅ ላይ ወድቄ ልጅህን ስጠኝ አልልም! የሰው አገር ለምኜ ነው የምኖረው፤ ሚስት ግን አልለምንም!»

«ማን ለምን አለህ? ፈሪ!»

የመጨረሻዋ ቃል ከወጣች በኋላ ተጸጸተች፤ እሱ ግን ጃኬቱን አንስቶ ወጥቶ ነበር።

የዚያን ቀን ገበያው ላይ ከሻ ነበር። ከሻ ስደተኞቹ የሚፈሩት አፈሳ ነው፤ መኪናው ይቆማል፣ ከካምፕ ያለ ፈቃድ የወጣ ሁሉ ይጫናል። ፀጋይ የተመዘገበው ከዶካ ወዲያ ባለው ካምፕ ነው፣ ፈቃዱም አብቅቷል። ማስተዋል በሩጫ ስትደርስ መኪናው ሲንቀሳቀስ አየችው። ፀጋይ በፍርግርጉ ውስጥ ሆኖ ሲያያት አየችው፤ ዓይኑን አልመለሰም። ከዚህ የሚወሰዱ ሰዎች ወይ ወደ ካምፕ፣ ወይ ወደ ድንበር ይላካሉ። ሑመራ ያለው ቤቱ ደግሞ ሌላ ሰው ገብቶበታል።

ወደ አባቷ ተመለሰች። አቶ አየነው ከስፌት መኪናው አጠገብ ጎንበስ ብሎ፣ የተሸረፈውን አፍ ስብርባሪ ከመሬት እየለቀመ ነበር።

«ይቅርታ ልጠይቅህ አልመጣሁም» አለች እየተነፈሰች። «ፀጋይን ፖሊስ ይዞታል። መኮንኖቹ ያውቁሃል። ከፈለግህ ሂድ፣ ካልፈለግህ ቁጭ በል። እኔ ግን እሱ ወደተላከበት እሄዳለሁ።»

አባቷ ብዙ አያት። ከዚያ ከዘራውን ፈለገ።

ጣቢያው በር ላይ ያለው መኮንን አቶ አየነውን በስሙ ሰላም አለው። በላዩ ላይ ያለው ሸሚዝ የእሱ ስፌት ነበር።

«ይኼ ልጅ ምንህ ነው?» አለ። «ለጎረቤት አልለቅም። ለወዳጅም አልለቅም። ዘመድ ከሆነ፣ ዋስ ሆነህ ፈርም።»

 ፀጋይ ከጥግ ቆሞ አቶ አየነውን ያየዋል። ማስተዋል የአባቷ አገጭ ሲንቀሳቀስ አየች፤ ሠላሳ ዓመት አፉ ውስጥ ያኖረውን ነገር እያኘከ ያለ መሰላት።

«ነሲቢ» አለ በመጨረሻ። በዓረብኛ አማቼ ነው ማለት ነው። «የልጄ ባል ሊሆን ነው። ስጠኝ፣ ልፈርም።»

ፈርሞ አስለቀቀው። ሱቁ ደጃፍ ሲደርሱ አቶ አየነው ቆመ።

«ስማ፣ ልጅ። ዋስ ሆንኩ እንጂ አልወደድኩህም።»

«እኔም እርስዎን አልወደድኩም» አለ ፀጋይ። «ስለ ፈረሙልኝ ግን አመሰግናለሁ።»

«የሰበርኩት አፍ ዕዳ አለብኝ። ሌላ አለ ወይ?»

ሣጥኑ ተከፈተ። አቶ አየነው ጥቁሩን የጎማ አፍ ከክላርኔቱ ጋር አስተያይቶ፣ አገላብጦ ራሱን ነቀነቀ። «ለሆዱ ይስማማል። ሪዱን ሦስት ቁጥር አድርግላት።»

«ሦስት ቁጥር ለዚህ አይሆንም። ጫፉ ሰፊ ነው። ሁለት ቁጥር።»

«እኛ በሠራዊቱ ሦስት ነበር የምንነፋው!»

«በሠራዊቱ የነፋችሁት በጠባብ አፍ ነው!»

«ልታስተምረኝ ነው?»

«ካልገባዎት አስተምርዎታለሁ! በዚህ አፍ ላይ ሦስት ቁጥር ከንፈር ያቆስላል። የምወዳትን ሴት ከንፈር አላስቆስልም!»

 ፀጋይ የተናገረውን ዘግይቶ ሰማውና ፊቱ ነደደ።

ማስተዋል ክላርኔቱንም፣ አፉንም፣ የሪዱን ማኅደርም ከሁለቱ እጅ ነጠቀች። «ሪዱን የምመርጠው እኔ ነኝ። የምነፋውም እኔ ነኝ፣ የማገባውም እኔ ነኝ!» ከዚያ ወደ ፀጋይ ዞረች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል፣ ድምጿ ግን የቁጣ ነው። «ይኼን ቃል ለእኔ ሳትነግረኝ ለአባቴ ትነግረዋለህ?»

አቶ አየነው ጥርስ በሌለው አፉ ሳቀ፤ ልጁ እንዲህ ሲስቅ ሰምታው አታውቅም። የፀጋይን ትከሻ በከዘራው ነካ አደረገና፣

«እንግዲህ ቻላት» አለው።