ድልድዩ ላይ የቀረችው ቃል

ብርቅዬን ፍቅር የያዛት በሩጫ ላይ ነው። ቆማ ቢሆን ኖሮማ ታመልጠው ነበር።

ጊዜው 1931 ዓ.ም. ነው፤ ጣሊያን ከተማዋን ከያዘ ሦስተኛ ዓመቱ። የኮልፌ ሰው ያለ ወረቀት ከሰፈሩ አይወጣም። ወረቀቱም ቢሆን አጭር ገመድ ነው፤ የብርቅዬ ከቤቷ እስከ ወንዙ ድልድይ ድረስ ብቻ ይለቃታል። ከወንዙ ማዶ የሚኖረው የወንድይፍራው ደግሞ ከድልድዩ እስከ አስኮ። ከዚያ አንድ እርምጃ ያለፈ እስር ቤት ይገባል።

ታዲያ አራት ወጣቶች ገመዶቻቸውን ቀጣጠሏቸው። ጀይሉ ለቆሰሉ አርበኞች የሚሆን መድኃኒት በሸምበቆ ውስጥ ደብቆ ከከተማ ኮልፌ ያመጣል። ብርቅዬ ተቀብላ እስከ ድልድዩ ትሮጣለች። ወንድይፍራው እስከ አስኮ፣ ገሜዳ ከዚያ እስከ ጫካው። እንዲህ በየቅዳሜው ሲቀባበሉ ጓደኛሞች ሆኑ። ሕጋቸው አንድ ነበረች፤ ሸምበቆው ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ መቆም የለም።

ስለዚህ ብርቅዬ ከወንድይፍራው በደንብ የምታውቀው ማጅራቱንና ወደ ኋላ የተዘረጋ መዳፉን ነበር።

ከድልድዩ በፊት ባለው ኬላ ላይ የሚቆመው ባንዳ መሸሻ ይባላል። አገሩ ሌላ ነው፣ የሰፈሩን ሰው አያውቅም፤ ከጦርነቱ በፊት የዳኛ ዘበኛ ነበር አሉ።

«ወዴት ነው የምትበሪው አንቺ?»

«እናቴን ምጥ ይዟት ነው ጋሼ! አዋላጅ ልጠራ!»

ያሳልፋታል። በሳምንቱም ምጥ፣ በሌላው ሳምንትም ምጥ። ብርቅዬ ሌላ ውሸት ለመፈለግ ጊዜ አልነበራትም፤ ሐሳቧ ሁሉ ድልድዩ ላይ ነበር።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ወንድይፍራው ሸምበቆውን ሲቀበላት ዞር ብሎ አያት። «አንድ» አላትና ሄደ።

አንድ ምን? ሳምንቱን ሙሉ ስትብሰለሰል ሰነበተች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ «ቀን» አላት። በሦስተኛው «ቆመን»።

«ምን ዓይነት ሰው ነው እባክህ፣ ፍቅሩን በማንኪያ የሚሰጥ? መድኃኒቱ መሰለው እንዴ!» ብላ ጀይሉን ጠየቀችው።

«ትንፋሹን ሲቆጥብ ነዋ» አለ ጀይሉ እየሳቀ። «አንቺ ብትሆኚማ ድልድዩ ላይ ስትለፈልፊ ይመሽ ነበር።»

አራተኛው ቅዳሜ መሸሻ መንገዱ መሃል ተገትሮ ጠበቃት።

«እናቴን ምጥ...»

«በአንድ ወር አራተኛ ልጅ? እናትሽ ጥንቸል ናት?»

በብብቱ ሥር ሾልካ ፈተለከች። ከኋላዋ የቡትስ ጫማ ድምፅና የጠመንጃ መቀባበል ሰማች። ድልድዩ መሃል ስትደርስ ወንድይፍራው ሸምበቆውን ያዘ፣ ባንዳውን አየ፣ እና ለመጀመሪያ ጊዜ ቆመ።

«ነይ፣ አብረን እንሂድ!»

ልቧ አብሮት ሄዷል። ግን ሁለቱም ሮጠው መሸሻ ቢተኩስ አይስትም። ገፈተረችው።

«ሩጥ አንተ!»

ወደ መሸሻ ዞረች። እጇ ባዶ ነው። ያላት ጉሮሮዋ ብቻ ነው።

«በሕግ አምላክ!»

ይህ ቃል ከጣሊያን በፊት የሚሮጠውን ሁሉ ባለበት ያቆም ነበር፤ የሚጠራው ሕፃን ቢሆን፣ የሚጠራበት ጌታ ቢሆን። መሸሻ ደግሞ ዕድሜውን በዚህ ቃል ሲያቆምና ሲቆም የኖረ ሰው ነው። እግሩ ራሱን ሳይጠይቀው ቀጥ አለ። ጠመንጃው ዝቅ አለ። ሲባንን ወንድይፍራው ከማዶ ቁጥቋጦው ውስጥ ገብቷል፤ አራተኛዋን ቃል ሳይናገር።

መሸሻ አላሰራትም። ልጅቷ በጥንቱ ሕግ አቆመችኝ ብሎ ለጣሊያን አለቃው እንዴት ይንገር? እያፈረ ወረቀቷን ቀደደው።

«ከደጃፍሽ ብትወጪ ወየውልሽ!»

ሁለት ዓመት ከአጥሩ እስከ ጓሮው ሠላሳ ሁለት እርምጃ ሆነ ዓለሟ። ጀይሉ አንድ ጊዜ ብቻ ወሬ አመጣላት፤ ወንድይፍራው ጫካ ገብቷል። ከዚያ በኋላ ዝም። እሷም እየተመላለሰች የጎደለችውን ቃል ስትሞላ ትውላለች። አንድ ቀን ቆመን... እንጋባለን? ቆመን እንሞታለን? ቆመን እንበላለን? ሆዳም!

ሚያዝያ 1933 ጣሊያን ወጣ። ብርቅዬ በሩን በርግዳ ሮጠች። ባዶው ኬላ ስትደርስ ግን እግሯ በራሱ ቆመ፤ እጇም ወረቀት ፍለጋ ደረቷ ውስጥ ገባ። በራሷ ሳቀች፣ ዓይኗም እንባ ሞላ። እንደገና ሮጠች። ድልድዩ መሃል ደረሰች፤ ከዚያ አልፋ አታውቅም። ልታልፍ ስትል ከኋላዋ አንድ ድምፅ ተሰማ።

«በሕግ አምላክ!»

ተተከለች። ሳትዞር መዳፏን ወደ ኋላ ዘረጋች። የሻከረ መዳፍ አረፈበት። አወቀችው።

ስትዞር ጎፈሬው ትከሻው ደርሷል፤ ቤቷ ሄዶ ሲያጣት እየሮጠ የተከተላት ወንድይፍራው ነው።

«እና?» አለች። «ቆመን ምን?»

«እናወራለን።»

«ሁለት ዓመት ያስጠበቅከኝ ለዚህች ነው?»

«ወሬው ብዙ ነው ብርቅዬ። ባይሆን እንቀመጥ?»

«አይሆንም። ቆመን ነው ያልከኝ።»

ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ እዚያው ድልድዩ መሃል ቆመው አወሩ። ያን ሁሉ የሮጠችው ብርቅዬ እንደዚያ ቀን እግሯ ደክሟት አያውቅም።