የደቦ መልመጃ

የበረዶ ጣቢያው አየር ከመታወኩ በፊት ሁኔታው እንዲህ ነበር፦ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 0.4 በመቶ፣ ሙቀት ሃያ አንድ ዲግሪ፤ ከሁለቱ የአየር ማጣሪያዎች አንዱ ይሠራል፣ አንዱ ያርፋል። ሦስተኛው ማጣሪያ በቅርቡ ተነቅሎ ወደ ጉድባ ተወስዷል። ጉድባ በጨረቃ ደቡብ ዋልታ፣ ፀሐይ በማይደርስበት ጉድጓድ ጠርዝ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ጣቢያው ከእሷ የስድስት ሰዓት መንገድ ይርቃል፤ በረዶ የሚቆፍሩትን ማሽኖች አንድ ተረኛ ብቻውን ይጠብቃቸዋል። ጓዳ በምታህለው ክፍል ውስጥ ያለው ወንበር የዕለቱ ተረኛ የብርቅነሽ ነው። እሷ ግን አልተቀመጠችበትም። ትነሣለች፣ በመስኮት ታያለች፣ ቁጥሮቹን ታነባለች፣ ደግማ ትነሣለች።

ብቻዋን ስትጠብቅ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ለዚህ ፈቃድ የሚሰጠው የጣቢያውን ፕሮግራም ራሱ መጻፍ ለሚችል ሰው ነው። ትምህርቱ ከምድር በመስመር ይመጣል፤ ከትምህርቱ ጎን ለጎን መልመጃ የሚያወጣው ደግሞ አስለማጅ ነው። አስለማጅ የሚሉት የእያንዳንዱን ተማሪ አጻጻፍ አጥንቶ፣ በደከመበት በኩል ጥያቄ የሚያቀርብ ማሽን ነው። ለብርቅነሽ ከመቶ ዘጠና ስድስት ሰጥቷታል።

ዘጠና ስድስቱ ግን የእሷ ብቻ አልነበረም። የጉድባ ሰው የሚያጭደው ማሳ ባይኖረውም ደቦን አልተወም። የመስታወት ቤቱን ቲማቲም በደቦ ይለቅማል፣ አቧራ የጠጡትን ልብሶች በደቦ ያራግፋል። መልመጃውንም ብርቅነሽና አብረዋት የሚማሩት ሁለት ጓደኞቿ፣ አስናቀና ሐረገወይን፣ እንደዚያው ያዙት። ዛሬ ለአስናቀ የመጣውን ሦስቱም ተሰብስበው ይሠሩለታል፤ ነገ የሐረገወይን ተራ ነው፤ ከነገ ወዲያ የብርቅነሽ። ማታለል ነው ብሎ ያሰበ አልነበረም። ሐረገወይን ጥያቄውን ትበልታለች። አስናቀ ይጽፋል፤ ሳያስብ፣ በጥድፊያ። ብርቅነሽ ከኋላው ቆማ ስሕተቱን ትለቅማለች።

"የአንቺ ሙያ ሰው የሠራውን ማፍረስ ነው" ይላት ነበር አስናቀ። "እስቲ አንድ ቀን እንኳ የመጀመሪያዋን መስመር ራስሽ ጀምሪ።"

"አንተ ደህና አድርገህ ብትጽፍማ እኔን ማን ይፈልገኝ ነበር?"

ይሳሳቁበት ነበር። ባዶ የኮምፒውተር ሰሌዳ ፊት ስትቀመጥ እጇ እንደሚደርቅ ግን ለማንም አልተናገረችም። በመስኮቱና በወንበሩ መካከል የሚያመላልሳትም ይኸው ነበር።

ከዚያ የፀሐይ ማዕበል መጣ፤ ፀሐይ አልፎ አልፎ የምትረጨው፣ ለዓይን የማይታይ የቅንጣት ዶፍ። መብራቱ ጠፋና ተመለሰ። ኮምፒውተሩም ተነሣ። ሬዲዮው ግን ዝም አለ፤ የማጣሪያውም እስትንፋስ አልተመለሰም። ብርቅነሽ ሰሌዳውን ከፈተች። ማጣሪያዎቹን የሚያዘው ፕሮግራም ተሰርዟል። ቅጂው ያለው ጉድባ ነው፤ የሚመጣውም በሬዲዮ። የማጣሪያዎቹ በር በእጅ አይከፈትም።

ተተኪዋ የሚመጣው በማግስቱ ነው። የጠፈር ልብሷ የሚይዘው አየር ከሁለት ሰዓት አያልፍም። ፕሮግራሙን ካልጻፈች የሚጠብቃት ምን እንደሆነ ግልጽ ነበር።

አንድ መስመር ጻፈች፤ አጠፋችው። ሌላ ጻፈች፤ እሱንም አጠፋችው። እያንዳንዱ ቃል ገና ሳያልቅ ስሕተቱ ይታያታል። ተነሥታ ክፍሉን ዞረች፤ ሦስት እርምጃ ብትሄድ ግድግዳ ነው። የካርቦን ዳይኦክሳይዱ መለኪያ 1.3 አለ። 1.9 ሲል ግንባሯን ይወቅራት ጀመር።

"ሐረግ" አለች ድምፅ አውጥታ፣ "ከምን ልጀምር?"

መልሱንም ራሷ ሰጠች፤ በሐረገወይን የተጎተተ ድምፅ፦ "ምን አለሽ? ምን ትፈልጊያለሽ? ሌላውን ተዪው፣ ይደርሳል።"

ያላትን ዘረዘረች፦ አንድ መለኪያ፣ ማጣሪያዎች፣ በሮች። ከዚያ በደንብ ለመጻፍ መሞከሯን ተወችው። የጻፈችው እንደ አስናቀ ነው፤ እየተቻኮለች፣ በድፍረት፣ ስሕተቱንም ጭምር። አስናቀ ሲጽፍ የሚጠራው ዕቃ በቦታው መኖሩን አይጠይቅም። መልስ እስኪመጣ ጠብቅ ይላል እንጂ እስከ መቼ አይልም። "ይበልጣል" ማለት ሲገባው "ያንሳል" ይላል። የዘመድን አካሄድ ከሩቅ እንደሚለይ ሰው ጥፋቶቹን በቃሏ ታውቃቸዋለች። አንድም ሳታጠፋ እስከ መጨረሻው ጻፈችው።

ከዚያ ተነሥታ ከወንበሩ ኋላ ቆመች።

"አንተ አስናቀ" አለች፣ "የተነቀለውን ማጣሪያ እስከ ምጽአት ልትጠብቀው ነው?"

ሦስተኛውን ሰረዘችው። የጥበቃውን ጊዜ ወሰነች። "ያንሳል" ያለውን ገለበጠችውና ፕሮግራሙን አስነሣችው። ማጣሪያው ሲያቃስት፣ ሲንገራገጭ፣ ከዚያም ሲተነፍስ ሰማች። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

ጉድባ ስትመለስ የጣቢያዎቹ ኃላፊ ጋሽ ደምለው ሦስቱንም አስጠራቸው። ከአደጋ በኋላ እንደሚደረገው ፕሮግራሙን ለአስለማጁ አሳይቶ ነበር። አስለማጁ ከተጠየቀ የጸሐፊን እጅ ይለያል፤ የሦስቱንም ደቦው ከመጀመሩ በፊት ከጻፉት ያውቀዋል፤ ግማሹ የአስናቀ፣ ሲሶው የሐረገወይን፣ የቀረው የብርቅነሽ ነው ብሎ ፈረደ።

"ሬዲዮው ሞቶ ሳለ አንተ የት ነበርክ?" አለው ጋሽ ደምለው አስናቀን።

"ተኝቼ ነበር፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው ተኝተህ ነው ግማሹን የጻፍከው።"

አስናቀ ብርቅነሽን አያት። እሷም ደቦውን ከነተራው ለጋሽ ደምለው ነገረችው፤ ጣቢያው ውስጥ ለብቻዋ ያወራችውንም አልደበቀችም።

"ማሽኑ አልተሳሳተም" አለ ጋሽ ደምለው። "ሰውን ለየብቻ እንዲመዝን አድርገን ሠራነው። ለብቻው የሆነ ሰው ግን ከየት እናምጣለት?"

ይህን ብሎም አልማራቸውም። የሦስቱንም ፈቃድ ነጠቀ፤ እያንዳንዳቸው ብቻቸውን እንዲፈተኑም አዘዘ። ብርቅነሽ በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ ባዶ ሰሌዳ ፊት ተቀመጠች። አስናቀና ሐረገወይን ከበሩ ውጭ ይንጎራደዱ ነበር፤ እሷ ውስጥ ሆና አንዴ በአንዱ፣ አንዴ በሌላው ድምፅ ስታንሾካሹክ ተሰማቻቸው። ማለፊያው ስልሳ ነው። ስልሳ አንድ አገኘች።